ባሕር ብረት ሲመገብ

በጥርኝ የተቀዳ የባሕር ውሃ ለዓይን ባዶ መስሎ ቢታይም፣ በአጉሊ መነጽር ሲመረመር ስፍር ቍጥር የሌላቸው ደቂቅ ፍጥረታት የሚመላለሱበት ዓለም ሆኖ ይገኛል። በጥቅሉ ፕላንክተን ከሚባሉት ከእነዚህ ፍጥረታት መካከል ዕፀዋት መሰሎቹ፣ በፀሐይ ብርሃን ኃይል በውሃው ከተሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግባቸውን ራሳቸው የሚያዘጋጁ ናቸውና፣ በየብስና በባሕር በዚህ መንገድ ከሚዘጋጀው ምግብ ሁሉ ግማሽ ያህሉ የእነርሱ ሥራ ነው።

በአየር ላይ ያበዛነውን ካርቦን ባሕር እንዲውጥልን እነዚህን ደቂቃን መቀለብ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር የተነሣው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ አሜሪካዊው የባሕር ሊቅ ጆን ማርቲን፣ በአንታርክቲካ ዙሪያ ያለው ውቅያኖስ ናይትሬትና ፎስፌት ሞልቶት ሳለ ዕፀዋቱ የሚቀጭጩት ብረት ስላጡ ነው ብሎ ባስተማረ ጊዜ ነው። ማርቲን በጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ የመጀመሪያው ሙከራ ሊደረግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1993 ዐረፈ፤ ይህና እስከ 2009 የተከተሉት ሙከራዎች ግን ብረት የተበተነበት ውሃ እንደሚለመልም መሰከሩለት።

ነገር ግን መለምለም ሌላ፣ ካርቦንን በጥልቁ መቅበር ሌላ ነው። ፖላርሽተርን የተባለችው የጀርመን መርከብ በ2004 በደቡብ ውቅያኖስ ብረት በበተነች ጊዜ የበረከተው ዲያቶም፣ ማለት ገላውን እንደ ብርሌ በመስተዋት ቅርፊት የሚያጥረው ዘር ነበረና፣ ሲሞት እርስ በርሱ እየተጣበቀ ዘቀጠ፤ ከበቀለውም ቢያንስ ግማሹ ከ1000 ሜትር በታች ወረደ። ይህችው መርከብ በ2009 የጀርመንንና የሕንድን ሊቃውንት ይዛ በ300 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሙከራውን ስትደግም ግን፣ ዲያቶም ቅርፊቱን የሚሠራበት ሲሊካ በውሃው ውስጥ ጎድሎ ስለ ነበረ፣ የበቀሉት ቅርፊት አልባ ጥቃቅን ዘሮች ሆኑ፤ እነርሱንም ኮፔፖድ የሚባሉት ጥቃቅን እንስሳት በሉአቸው፤ ኮፔፖዶቹንም ሽሪምፕ የሚመስሉ ከፍ ያሉ ፍጥረታት ዋጧቸው፤ ወደ ጥልቁም የወረደው ካርቦን እጅግ ጥቂት ሆነ። በሁለቱም ጊዜ የተበተነው ያው ብረት ሲሆን፣ ውጤቱን የለየው ማን በቀለ፣ ማንስ በላው የሚለው ነገር ነው።

የሚያሠጋም ነገር አለ። ብረት ከሚያበረክታቸው ዲያቶሞች አንዳንዶቹ ዶሞይክ አሲድ የተባለውን፣ በካሊፎርኒያ ዳርቻ የባሕር አንበሶችን የገደለውን መርዝ የሚያመነጩ ናቸው። ደግሞም በአንድ ስፍራ ተበልቶ ያለቀው ናይትሬት፣ የባሕሩ ጅረት ይዞት ይሄድ ወደ ነበረው ወደ ሩቁ ባሕር ሳይደርስ ስለሚቀር፣ በዚያ ያለው ፕላንክተን፣ በእርሱም የሚኖረው ዓሣ ይራባል፤ የሚዘቅጠውም ሲበሰብስ የጥልቁን ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ በ2008 ባሕር እንዳይበከል የተደረገው የለንደን ስምምነት አባል መንግሥታት፣ ከእውነተኛ ሳይንሳዊ ምርምር በቀር ባሕርን በብረት ማዳበር እንዳይፈቀድ ተስማሙ።

የካርቦኑን ቶን ቈጥሮ ፕላንክተኑን ያልቈጠረ ሰው ባሕርን አውቃለሁ ሊል አይገባውም። ጢሱ የእኛ ነውና፣ ሸክሙን አንደበት በሌላቸው ፍጥረታት ላይ ከመጫናችን በፊት አስቀድመን ከምንጩ እንቀንሰው።