ዘይት ያዘለ ድንጋይን በምድር ውስጥ እንዳለ ስለ ማሞቅ

በመርካቶ፣ በአማኑኤል ሰፈር ጧት የሚያልፍ ሰው ሁለት ነገሮችን ሳያይ አይቀርም። አንደኛው በጆንያ ተሞልቶ የሚራገፈው ከሰል ነው፤ ሁለተኛው ከሰሉንና ሌላውን ሸቀጥ ጭኖ የመጣው መኪና ነው። ከሰሉ ከአገራችን እንጨት የተገኘ ሲሆን፣ መኪናው የሚያቃጥለው ናፍጣ ግን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ አብዛኛውን ጊዜ በጅቡቲ በኩል የገባ ነው። በአገራችን ምድር ውስጥ ዘይት ያዘለ ድንጋይ መኖሩ በተነገረ ቁጥር «ታዲያ ለምን አይወጣም?» የሚል ጥያቄ የሚነሣውም ስለዚሁ ነው። በዚህ ጽሑፍ አወጣጡ እንዴት እንደ ሆነና ሒሳቡ ምን እንደሚመስል ለመግለጽ እንሞክራለን።

ኦይል ሼል የሚባለው ይህ ድንጋይ ፈሳሽ ዘይት የቋጠረ አይደለም። በጥንት ሐይቆችና ባሕሮች የኖሩ ደቃቃ አልጌዎችና ዕፅዋት ከደለል ጋር ተቀብረው፣ ኬሮጅን የሚባል ጠጣር ነገር ሆነው የቀሩበት ነው። ምድር በጥልቀት ቀብራ ለረዥም ዘመን ብታሞቀው ኖሮ ነዳጅ ዘይት በሆነ ነበር፤ ሙቀቱ ስላልበቃው ግን ጥሬ እንደ ሆነ ቀርቷል። በአገራችን ይህ ድንጋይ በደቡብ ምዕራቡ ደጋ፣ በጅማ አቅራቢያ በዴልቢ-ሞዬ፣ በኢሉባቦር በያዩና በሌሎችም ሥፍራዎች በእሳተ ገሞራ አለት ንጣፎች መካከል ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የታተመ አንድ የጂኦሎጂ ጥናት የተመዘገበውን መጠን 253 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው ብሏል።

እንግዲህ የሰው ሥራ ምድር የጀመረችውን መፈጸም ነው። ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ከሰል አክሳይ እንጨቱን በአፈር ደፍኖ፣ አየር እንዳያገኝ አድርጎ ያግለዋል፤ እንጨቱም ሳይነድ ይከስላል፣ ጢሱም በከንቱ ይበናል። አረቄ አውጪ ደግሞ እንፋሎቱን በሸምበቆ አሳልፋ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተነከረ ዕቃ ታጠራቅመዋለች። ሁለቱን ጥበቦች ብናጋጥማቸው፣ ማለት እንደ ከሰል አክሳዩ ያለ አየር አግለን፣ እንደ አረቄ አውጪዋ እንፋሎቱን ብናቀዘቅዝ፣ ከድንጋዩ ዘይትና ጋዝ እናገኛለን።

ይህ ሥራ በሁለት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው ድንጋዩን ቆፍሮ አውጥቶ በምድጃ ማጋል ነው። ሁለተኛው ድንጋዩን ከቦታው ሳያነሡ ጉድጓዶች ቦርቡሮ፣ ማሞቂያ አስገብቶ፣ የሚወጣውን ዘይትና ጋዝ በሌሎች ጉድጓዶች መሳብ ነው። ይህን ሁለተኛውን መንገድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስዊድናዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ሊዩንግስትሮም በክቫርንቶርፕ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሠርቶበታል። የክቫርንቶርፕ ፋብሪካ ከውጭ የሚገባው ዘይት ርካሽ በሆነ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ተዘጋ። ከብዙ ዘመን በኋላም ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በአሜሪካ በኮሎራዶ ድንጋዩን እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በማሞቅ፣ 9 በ12 ሜትር ከምታህል መሬት 1,700 በርሜል ያህል ቀላል ዘይት አወጣ። የከርሰ ምድር ውኃ እንዳይገባና እንዳይበከልም ዙሪያውን ምድሩን በማቀዝቀዝ የበረዶ ግድግዳ ሠርቶ ሞከረ። ይሁን እንጂ በ2013 የኮሎራዶውን ሥራ ተወው።

ስለዚህ ይቻላልን? ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ አዎን፣ ይቻላል የሚል ነው። የሚቀረው ያዋጣልን? የሚለው ነው። አንድ ቶን ደረቅ ድንጋይ ከ20 ወደ 350 ዲግሪ ለማድረስ 90 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይጠይቃል። ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ውኃ ለማትነንና ወደ ዙሪያው ለሚባክነው ሙቀት ያንኑ ያህል ብንጨምር 180 ይሆናል። ከቶኑ 50 ሊትር ዘይት ቢገኝ፣ ዘይቱ ያዘለው ኀይል 500 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ሲያዩ ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ከዚህ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሲሶውን፣ ማለት 165 ገደማ ብቻ ነው። ያው 180 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በባትሪ በሚሄድ መኪና ቢውል፣ ከአምስት እጅ አራቱ፣ 145 ያህሉ መንኮራኵር ያዞራል። ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከዘይቱም ላይ የማጣራቱ፣ የማጓጓዙና ከምድር ውስጥ ሳይወጣ የሚቀረው ገና ይቀነሳል። ከአንድ ቶን 100 ሊትር የሚሰጥ ድንጋይ ቢሆን ግን ፍርዱ ይለወጣል።

ይህ ሒሳብ ለኢትዮጵያ ከሌላው አገር ይልቅ ክብደት አለው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚህም ሌላ ያዩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ የዱር ቡና ደን ያለበት ምድር ነው። ድንጋዩ ሲግል ውኃው ቢበከል፣ የሚጐዳው በሊትር ሊተመን የማይችል ሀብት ነው።

ስለዚህ በድንጋዩ ብዛት ከመደሰት በፊት በየሥፍራው ሦስት ነገሮችን መለካት ይገባል፤ እነዚህም አንዱ ቶን የሚሰጠው ሊትር፣ ድንጋዩ የያዘው እርጥበትና የከርሰ ምድሩ ውኃ አካሄድ ናቸው። መልሱ ጥሩ ከሆነ ድንጋዩ ሀብት ነው፤ ካልሆነ ግን ኤሌክትሪኩን ከምድር በታች ከመቅበር ይልቅ፣ ወደ አማኑኤል ጭነት በሚያመላልሰው መኪና ላይ ማዋሉ ይሻላል።