ስለ ባልና ሚስት ገንዘብ፣ ከጋብቻም በፊት ስለ ነበረ ዕዳ
ሐተታ ዘመጽሐፈ ጦቢት፣ ምዕራፍ 2

ጦቢት ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ሚስቱ ሐና በሴቶች የእጅ ሥራ ደመወዝ እያገኘች ቤቱን ታኖር ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አሠሪዎቿ ደመወዟን ከፍለው በላዩ የፍየል ጠቦት መረቁላት። ጠቦቱ ከቤት ገብቶ ሲጮኽ ጦቢት ሰማና የተሰረቀ እንዳይሆን ፈርቶ ወደ ባለቤቱ እንድትመልሰው አዘዛት። እርሷም ከደመወዟ በላይ የተሰጣት ስጦታ መሆኑን ነገረችው፤ እርሱ ግን አላመናትም። በዚህ ጊዜ ተቆጥታ ቀድሞ ያደረገውን ምጽዋት እያነሣች ዘለፈችው።

ይህ ጠብ ስለ ምን ተነሣ ቢሉ፤ ስለ ጠቦት ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ጦቢት ቀድሞ ለድኻ የሚመጸውት፣ የሞተውን የሚቀብር፣ ቤቱንም በእጁ የሚመግብ ሰው ነበርና፣ በሚስቱ ደመወዝ መኖሩ ልቡን አቆሰለው። አንድም የሚገባውንና የሚወጣውን በዓይኑ ማየት አልቻለም፤ ያላዩት ነገር ያስጠረጥራልና የታመነች ሚስቱን ጠረጠረ። አንድም ሐና ደክማ ባመጣችው ሳትመሰገን በመጠርጠሯ አዝና ከልክ ያለፈ ቃል ተናገረች። ሦስቱም ምክንያቶች፣ ይኸውም የባል ኀፍረት፣ ያልታየ ሒሳብና ያልተመሰገነ ድካም፣ ዛሬም በአዲስ ተጋቢዎች ቤት ይገኛሉ።

ከሦስቱ የሚከፋው ያልታየ ሒሳብ ነው። ብዙ ጐልማሳ ለድግሱና ለጥሎሹ ሲል ዋስ ጠርቶ ዕቁቡን አስቀድሞ ይወስዳል። ለምሳሌ 20 ሰው በየወሩ 5,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ ቢኖር፣ በ3ኛው ወር የደረሰው ሰው 100,000 ብር ይቀበላል፤ ነገር ግን ገና 17 ወር መጣል አለበት፤ ይህም 85,000 ብር ነው። ሙሽራይቱ ድግሱን አይታለች፤ ዕዳውን ግን አላየችም። ከጫጉላው በኋላ ደመወዙ በየወሩ ሲጐድል፣ ለሌላ ሴት የሚሰጥ ይመስላታል። እርሱም አባወራ ተብሎ ሳለ ባለዕዳ መባልን ያፍርና ዝም ይላል፤ ዝምታውም ከዕዳው ይልቅ ቤቱን ይጐዳል። ሚስትም ከጋብቻ በፊት የተበደረችውን የሰወረች እንደ ሆነ ነገሩ አንድ ነው።

ጦቢት ግን ልጁን ጦብያን ወደ ሜዶን ሲሰድደው፣ በገባኤል ዘንድ ያስቀመጠውን 10 መክሊት ብር አልሰወረውም፤ የተጻፈበትንም ወረቀት በእጁ ሰጠው። ጦብያም የራጉኤልን ልጅ ሳራን አግብቶ የ14 ቀን ሠርግ ሲደረግለት፣ በሠርጉ መካከል ወረቀቱን ለሩፋኤል ሰጥቶ ገንዘቡን አስመጣ። በዚህም የሠርግ ደስታ ሒሳብን ሊያስረሳ እንደማይገባ ታወቀ። የሚገባው ገንዘብ እንዲህ ከተነገረ፣ የሚወጣው ዕዳማ እንዴት አይነገር?

ዕዳው የእርሱ ነው፤ ሚስትን ምን ይነካታል ቢሉ፤ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ 4ኛ ምዕራፍ ባሏ የሞተባትን ሴት ይመልከቱ። ዕዳውን ትቶባት ቢሞት፣ አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ባሪያዎች አድርጎ ሊወስድ መጣ። የአገር ሕግ ዛሬ ልጅን በዕዳ አያስይዝም፤ ቢሆንም ዕዳው ከጋራው ማዕድ አይርቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ የአንዱ ተጋቢ ዕዳ አስቀድሞ ከግል ገንዘቡ፣ የግል ገንዘብ የሌለው እንደ ሆነ ግን ከጋራው ገንዘብ ይከፈል ዘንድ ይፈቅዳል። በትዳር ውስጥ ሁለቱ ሠርተው የሚያገኙትም የጋራ ነው። ስለዚህ ባል «አያገባሽም» ሊላት አይገባውም፤ ሚስትም «አይነካኝም» ብላ ልትቀመጥ አትችልም።

ቤቱን መመገብ የማን ነው ቢሉ፤ ብዙዎች 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8ን ይዘው የባል ብቻ ነው ይላሉ። ሐዋርያው በዚያ ስለ ቤተ ሰቡ የማያስበውን ሁሉ የወቀሰው ስለ መበለቶች መጦር ሲናገር ነው፤ በዚያው ምዕራፍ በ16ኛው ቁጥር ያመነችውን ሴት ደግሞ መበለቶቿን እንድትረዳ ያዝዛታል። እንግዲህ ቃሉ ባልን ከሸክሙ አያወጣውም፤ ሚስትንም ከሸክሙ አይለያትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ ራስ ብሎት ነበር፤ የ1992ቱ ሕግ ግን የቤቱን አስተዳደር ለሁለቱ በእኩል ሰጠ። ራስነት ማለት ምንድር ነው ቢሉ፤ ዕዳን ሰውሮ መከበር አይደለም፤ አስቀድሞ ተናግሮ መታመን ነው።

በኦሪት ዘዳግም 24፥5 አዲስ ሙሽራ ሚስቱን ደስ ያሰኝ ዘንድ አንድ ዓመት ከዘመቻ ነፃ ሆኖ በቤቱ እንዲቀመጥ ታዝዟል። ይህ ዓመት ቤትን ለማቅናትም ነው። በዚህ ዓመት ባልና ሚስት የሚገባውንና የሚወጣውን በአንድ ወረቀት ይጻፉ፤ የቀደመውንም ዕዳ ከአበዳሪው ስምና ከመክፈያው ቀን ጋር ያስፍሩ። ከዚያ በፊትም የጋብቻ ሽማግሎች ስለ ጥሎሹ እንደሚጠይቁ ስለ ዕዳውም ይጠይቁ፤ የንስሐ አባትም ይህን ሳያነሣ አይለፍ። መኳንንትም ድግሱን በመጠን ቢያደርጉ፣ እነርሱን አይቶ የሚበደረው ድኻ ያርፋል።

አከፋፈሉስ እንዴት ነው ቢሉ፤ ኤልሳዕ መበለቲቱን ዘይቱን ሸጣ አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር አዘዛት። ዕዳ ይቀድማል፤ ኑሮ በተረፈው ይሆናል፤ ይህንም ሁለቱ ተስማምተው ሲያደርጉት ማነስ አያሳፍርም። የ85,000 ብር ዕዳ በ17 ወር ያልቃል፤ በመሰወር የጠፋ መታመን ግን በስንት ወር እንደሚመለስ የተቈረጠ ቀን የለውም።