የሳፋሪ ራሊ መኪኖችን ሞተር ከሙቀት የሚታደገው ምንድን ነው?

ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ አካባቢ በሚካሄደው ሳፋሪ ራሊ የሚሳተፍ አሽከርካሪ ሹል ድንጋይ፣ ጥልቅ ጭቃና ድንገት መንገድ የሚያቋርጥ የዱር እንስሳ ሊገጥመው እንደሚችል አውቆ ይገባል። ከእነዚህ ሁሉ የማያንሰው አደጋ ግን ከሞተሩ ሽፋን ስር ያለው ሙቀት ነው። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃዎች ከልክ በላይ ቢግል ወራት የተለፋበት ውድድር እዚያው ሊያበቃ ይችላል።

እ.አ.አ በ1953 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ የተጀመረው ይህ ውድድር ከ2002 በኋላ ከዓለም ራሊ ሻምፒዮና ወጥቶ ቆይቶ በ2021 ተመልሷል። በዋናው ምድብ የሚሮጡት መኪኖች 1.6 ሊትር ብቻ በሆነ ሞተር፣ በቱርቦ እየታገዙ፣ 380 የሚደርስ የፈረስ ጉልበት ያመነጫሉ። በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ጎማ ወደ ማዞር ሥራ የሚለወጠው በግምት አንድ ሦስተኛው ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የቀረው ወደ ሞተሩ ብረት ስለሚገባ ማቀዝቀዣው ፈሳሽና ዘይቱ ተጋግዘው ሊያወጡት ይገባል።

የሁለቱ ድርሻ አንድ አይደለም። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ዙሪያ እየዞረ ሙቀቱን ወደ ራዲያተር ያደርሳል። ዘይት ደግሞ ፈሳሹ የማይደርስባቸውን ቦታዎች ያገለግላል፤ የፒስተኖቹን ሆድ፣ ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርባቸውን ብሮንዚኖችና የቱርቦውን ዘንግ። ስለዚህም ዘይቱ ይበልጥ ይሞቃል። ፈሳሹ ከ90 እስከ 105 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መጠን ሲሠራ፣ በብርቱ የሚነዳ መኪና ዘይት 120 ዲግሪን አልፎ ሊሄድ ይችላል።

ውሃ ሲበዛበት ይፈላል፤ እንፋሎቱም ይታያል። ዘይት ግን ድምፅ ሳያሰማ ይቀጥናል። በክራንክሻፍቱና በብሮንዚኑ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍልፋዮች አንዱ ወይም ሁለቱ ያህል ነው። ሽፋኑ ከተቀደደ ብረት ከብረት ይገናኛል። የዘይት ደረጃ አውጪዎች ፈተናውን በ150 ዲግሪ የሚያካሂዱትም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በተጨማሪ የዘይቱ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሚበላሽበት ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል።

የቀዘቀዘ ዘይትም ቢሆን ወዳጅ አይደለም። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ለሥራ በሚበቃው ሙቀት ላይ ሲደርስ ዘይቱ ገና ወፍራም ሊሆን ይችላል። በፎርሙላ አንድ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ትኩስ ፈሳሽ እንዲዘዋወርበት የሚደረገው ለዚህ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣ የሚያስገጥም ሰውም ዘይቱ እስኪሞቅ መስመሩን የሚዘጋ ቴርሞስታት አብሮ ማስገጠም አለበት፤ አለበለዚያ አንዱን ችግር በሌላ ይለውጣል።

ናይቫሻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ17 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ቱርቦውም የሳሳውን አየር ለማካካስ በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል፤ አየሩን ሲያምቅም ይበልጥ ያግለዋል። ንጹሕ ውሃ ደግሞ እዚያ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ፈሳሹን ከመፍላት የሚያግደው በራዲያተሩ ክዳን የታመቀ ግፊት ነው። አንድ ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን የውሃውን የመፍያ ነጥብ ወደ 117 ዲግሪ ያወጣዋል። ከመኪናው ሁሉ ርካሽ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ የሆነው ይህ ክዳን ጎማው ሲያረጅ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሞተሩ ግሎ እያለ ክዳኑን የሚከፍት ሰውም ግፊቱ ሲለቀቅ ፈሳሹ ወዲያው ፈልቶ ፊቱን ሊያቃጥለው ይችላል።

በሳፋሪ ላይ አቧራም አለ። ተወዳዳሪዎቹ ፌሽ ፌሽ የሚሉት እንደ ዱቄት የላመ አፈር የአየር ማጣሪያውን ይደፍናል። ቡድኖቹ አየር ማስገቢያውን በስኖርክል ወደ ጣሪያው ከፍ ቢያደርጉም ራዲያተሩ የግድ ከፊት ለፊት ነፋስ መቀበል ስላለበት እንዲሁ መሸሽ አይችልም። ውድድሩ በ2024 ከሰኔ ወደ መጋቢት በመዛወሩ ከዝናብ ጋር ይበልጥ ተገናኝቷል፤ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የደረቀ ጭቃ ደግሞ ከአቧራ የባሰ ነው። ከተፈቀደው የጥገና ጊዜ ውጪ መካኒክ መኪናውን መንካት ስለማይችል አሽከርካሪውና ረዳቱ በያዙት መሣሪያ ራሳቸው ይጠግናሉ።

ጉዳዩ የራሊ መኪኖች ብቻ አይደለም። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ሲጓዝ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ይሠራል፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ግን ነፋሱ ትንሽ ነው። እንዲህ ባለው ዳገት ጋዝ መቀነስና የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ሙቀቱን በጥቂቱ ያስተነፍሳል። «ሞተሩ እንዳይግል» በሚል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ግን ዘይቱ በሚገባ እንዳይሞቅ ያደርገዋል፤ በውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበትና ነዳጅም ተንኖ አይወጣም። ፈሳሹን በተራ ውሃ መተካት ደግሞ የመፍያ ነጥቡን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝገትም ያስከትላል።

በዳሽቦርድ ላይ ያለውን ቀስትም በሙሉ ልብ ማመን አይገባም። በብዙ መኪኖች ቀስቱ የፈሳሹ ሙቀት በሰፊው እየተለዋወጠ እንኳ መሐል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ሲሆን ስለ ዘይቱ ምንም አይናገርም። ቱርቦ ያለው መኪና ዳገቱን ጨርሶ ሲቆም ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ለአንድና ሁለት ደቂቃ በዝግታ እንዲሠራ መተው ይሻላል፤ ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ በቱርቦው ዘንግ ላይ የቀረው ዘይት መዘዋወሩን አቁሞ በጋለው ብረት ላይ ይቃጠላልና።