የኬሚካል ትንተና ፈተና በኮሎምበስ፦ ተማሪው ምን ይጠየቃል?

እ.ኤ.አ. በጁን 2015 የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ ከደብሊን ሮድ ማጣሪያ ጣቢያ ውሃ ለሚያገኙ ነዋሪዎች ማስጠንቀቂያ አወጣ። ዝናብ ከእርሻ ማሳ ያጠበው ማዳበሪያ ሳዮቶ ወንዝ ገብቶ፣ በቧንቧ ውሃው ውስጥ ያለው ናይትሬት በናይትሮጅን ተሰልቶ ከተፈቀደው 10 ሚሊግራም በሊትር አልፎ ነበር። ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይጠጡት ተነገረ። ማፍላትም አያድንም፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ እዚያው ስለሚቀር መጠኑ ይባስ ከፍ ይላል።

ይህን ዜና ለአንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ንገሩትና “ናይትሬት መኖሩ በምን ታወቀ?” ብላችሁ ጠይቁት። የዝቃጭ ሠንጠረዥ የሸመደደ ልጅ፣ ክሎራይድ ሲልቨር ናይትሬት ሲጨመርበት ነጭ ዝቃጭ እንደሚሰጥ፣ ሰልፌትንም ባሪየም ክሎራይድ እንደሚያሳብቅበት ያውቃል። የናይትሬት ጨዎች ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ውሃ ውስጥ ስለሚሟሙ በዝቃጭ አይያዙም። አንዱ መንገድ ናይትሬቱ ከሌሎች ኬሚካሎች ጋር ተዋህዶ ቀለም እንዲያወጣ አድርጎ፣ ቀለሙ የሚውጠውን ብርሃን መለካት ነው። የኬሚካል ትንተና ፈተና ሥሩ ይኸው ነው፤ ለየትኛው ነገር የትኛው ዘዴ፣ ለምን?

የኬሚካል ትንተና ሁለት ጥያቄዎች አሉት፤ ምን አለ? ስንት አለ? ለመጀመሪያው የእሳት ነበልባል ቀለም ያገለግላል። ሶዲየም ቢጫ፣ ፖታሲየም ፈዛዛ ሐምራዊ፣ መዳብ አረንጓዴ ይሰጣሉ። ቡንሰንና ኪርሆፍ በ1860 ሲዚየምን ያገኙት እንዲህ ያለውን ብርሃን በመበተን ነው። ለሁለተኛው ዝቃጭ ይመዘናል፣ ቲትሬሽን (መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ ቀለም እስኪለወጥ ጠብ እያደረጉ መለካት) ይሠራል፣ ብርሃን ይለካል። እዚሁ ኮሎምበስ ኦለንታንጂ ሪቨር ሮድ ላይ የሚገኘው፣ በ1907 ሥራ የጀመረው ኬሚካል አብስትራክትስ ሰርቪስ ከ200 ሚሊዮን በላይ ኬሚካሎችን መዝግቧል። ያን ሁሉ በቃል መያዝ የሚችል ሰው የለም፤ ለዚህ ነው ፈተናው ዘዴን የሚጠይቀው።

ኦሃዮ ለባዮሎጂ እንጂ ለኬሚስትሪ የክልል መጨረሻ ፈተና የላትም። ስለዚህ ተማሪው የሚጠብቀው መምህሩ ያወጣውን ፈተና፣ ወይም ኮሌጅ ቦርድ በሜይ የሚሰጠውን የኮሌጅ ደረጃ ፈተና፣ ኤፒ ኬሚስትሪን ነው። ኮሌጅ ክሬዲት ፕላስ በሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪ ያለ ክፍያ የኮሌጅ ኮርስ መውሰድ ይችላል። የኤፒ ኬሚስትሪ ፈተና 60 የምርጫና 7 የጽሑፍ ጥያቄዎች አሉት። ሦስቱ የጽሑፍ ጥያቄዎች ከ10፣ አራቱ ከ4 ይታረማሉ፤ የጽሑፉ ክፍል የውጤቱን ግማሽ ይይዛል።

ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆቻችን የሚቸገሩት እዚህ ጋ ነው። ስሌት አይከብዳቸውም፤ ሞል ማውጣት ብዙዎቹ ከዚያው ይዘውት መጥተዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን ምርጫ በመሆኑ መልስ ማጥቆርን እንጂ ምክንያት መጻፍን አላስለመዳቸውም። ቢዩሬት የሚባለውን ባለ መለኪያ ቱቦ በእጃቸው ሳይዙ ቲትሬሽንን ከጥቁር ሰሌዳ የተማሩም ብዙ ናቸው። ኤፒ ከትምህርት ጊዜው ሩብ ያህሉ ላብራቶሪ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ጥያቄዎቹም እጅ የነካውን ነገር ይፈትናሉ።

ለምሳሌ፦ የአሲድን መጠን የምትለካ ተማሪ ቢዩሬቱን በውሃ አጥባ፣ በሚሞላበት ቤዝ (በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ሳታለቀልቀው ሞላችው። የአሲዱ መጠን ስሌት ከእውነተኛው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ውስጥ የቀረው ውሃ ቤዙን ያቀጥነዋል፤ ቀለሙ እስኪለወጥ ብዙ ሚሊሊትር ይፈስሳል፤ እሷ ግን ቤዙ አልቀጠነም ብላ ስለምታሰላ የአሲዱ መጠን ተጋኖ ይወጣል። አሁን ደግሞ ውሃው የቀረው አሲዱ በሚገባበት ብልቃጥ ውስጥ ነው እንበል። ያኔ ውጤቱ ከእውነተኛው አይለይም፤ በፒፔት ተለክቶ የገባው የአሲድ ሞል ያው ነውና። ሁለቱን በሦስት በሦስት ዓረፍተ ነገር ለይቶ የጻፈ ልጅ ቲትሬሽን ገብቶታል። ሳይደርቅ የተመዘነ ዝቃጭ፣ የጣት አሻራ ያረፈበት የብርሃን መለኪያ ብልቃጥም በዚሁ መንገድ ይጠየቃሉ፤ ሁለቱም ውጤቱን ከፍ ያደርጋሉ።

ዝግጅቱ ውድ መሆን የለበትም። ኮሌጅ ቦርድ ያለፉ ዓመታትን የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነማረሚያቸው በነፃ በድረ ገጹ ያወጣል። ልጁ መጀመሪያ ራሱ ይጻፍ፣ ከዚያ በማረሚያው ራሱን ያርም፤ ነጥብ ያጣበትን ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጻፍ። እንግሊዝኛው ካስቸገረው መጀመሪያ ምክንያቱን በአማርኛ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ይናገር። ወላጅ ኬሚስትሪ ባያውቅም “ለምን?” እያለ መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ከብዙ አጋዥ መጽሐፍ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ፈተናው በሜይ ቢሆንም የኤፒ ምዝገባ የሚዘጋው በኖቬምበር አጋማሽ ነው። ስለዚህ ወላጆች፣ ትምህርት እንደተከፈተ ወደ ልጃችሁ ትምህርት ቤት አማካሪ ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኤፒ ኬሚስትሪ እዚህ ይሰጣል ወይ? ላብራቶሪውስ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው?