መኪናችሁን በልብስ ሳሙና አትጠቡ

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ በመኪና ቦዲና ቀለም ሥራ ላይ ስለምገኝ «ቀለሙ ለምን ቶሎ ደበዘዘብኝ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፀሐይ ብቻ አይደለም፤ የምናጥብበት ዕቃም አለበት።

«አረፋው የበዛ ሳሙና በደንብ ያጸዳል» የሚባለው ትክክል አይደለም። የልብስ ዱቄት ሳሙና የተሠራው ከጨርቅ ላይ ቅባት እንዲያወጣ ነው። መኪና ላይ ሲሆን ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም አብሮ ያነሳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ ጨረሩ ይበረታል፤ ሰም የሌለው ቀለም ቶሎ ይነጣል።

የሚያስፈልጓችሁ እነዚህ ናቸው፦

1. የመኪና ሻምፖ። ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጡት።

2. ሁለት ባልዲ። አንዱ ለሻምፖ፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። ጨርቅ ላይ የቀረ አቧራ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ስለዚህ ከማሸታችሁ በፊት አቧራውን በውኃ ብቻ አውርዱት።

3. ማይክሮፋይበር ጨርቅ። ለጎማና ለቸርኬ የተለየ ብሩሽ ያዙ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ቦዲውን አይንካ።

4. ሰም። ጥላ ሥር፣ ኮፈኑ ሲቀዘቅዝ፣ በስሱ ቀቡት።

ናፍታ ግን ከዝርዝሩ ይውጣ። ሞተር ማጠቢያ የሚያደርጉት አሉ፤ የጎማ ክፍሎችን ያሳብጣል፣ ለእሳትም ያጋልጣል።

ባጃጅ ያላችሁም ይኸው ይሠራላችኋል። ያልገባችሁን ከታች ጠይቁ፤ ላቫጆ ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶችም አጋሩልኝ።