መስቀሉ የዘመመው ዘውድ

ቡዳፔስት ውስጥ የዘውድ ምስል ያለበት ማግኔት ገዝቼ ማደሪያዬ ስደርስ አናቱ ላይ ያለው መስቀል ቀጥ ብሎ ቆሟል። በማግስቱ መለስኩት። ሻጩ ሌላ ሰጠኝ፤ እሱም ያው ነው። ምነው! የሀንጋሪ ቅዱስ ዘውድ መስቀል ወደ ጎን የዘመመ ነው፤ የሀገሪቱ ዓርማ ላይ እንኳ እንደዘመመ ነው የሚሣለው። የማኅደሩ ክዳን ተጭኖት ተጣመመ ይባላል፤ ሊያቃናው የደፈረ ግን የለም።

ወርቅ ነው፤ ከሁለት ክፍል የተገጠመ። የታችኛው የባይዛንታይን እጅ ሥራ ሲሆን በጎንና በጎኑ አራት አራት፣ ከኋላው ደግሞ አንድ ሰንሰለት ይንጠለጠልበታል። «የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘውድ» የሚሉት ሰዎች ዞር ብለው ጀርባውን ቢያዩ መልካም ነበር፤ እዚያ የተሣለው የባይዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ሚካኤል 7ኛ ነው። ንጉሥ እስጢፋኖስ በ1038 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አርፏል፤ ሚካኤል የነገሠው በ1071 ነው። ታዲያ መቼ ደፋው?

እኔን የሚገርመኝ ግን ሥልጣኑ ነው። ሌላው አገር ዘውድ የንጉሥ ጌጥ ነው፤ እዚህ ንጉሡ ነው የዘውዱ። ዙፋኑን ይገባኛል ያለው ካሮይ ሮበርት በ1301 ዘውድ ጫነ፤ ይህኛው ስላልነበረ አልተቆጠረለትም። በ1309 ደገመ፤ አሁንም አልሆነም። ዘውዱ ከትራንሲልቫኒያው ገዥ እጅ ወጥቶ በ1310 ሲደፋው ነው ነገሩ ያለቀው።

ይህን የዘውዱን ሥልጣን የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ሄለነ ኮታነሪን፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ደንገጡር። ባሏ ንጉሥ አልበርት በ1439 ሲሞት ንግሥቲቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። መኳንንቱ ግን ሕፃን የሚጠብቁበት ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ የፖላንዱን ወጣት ንጉሥ ውላዲስላቭን አግቢ አሏት። ኤልሳቤጥም ደንገጡሯን ወደ ቪሸግራድ ምሽግ ላከቻት። በየካቲት 1440 ሌሊት ቁልፎቹ በሞረድ ተቆረጡ፤ ዘውዱ ቀይ ከፋይ ትራስ ውስጥ ተሰፋ፤ ትራሱ በበረዶ መንሸራተቻ ተጭኖ የረጋውን ዳኑብ ተሻገረ። ሄለነ ራሷ በጀርመንኛ ጽፋ ባታቆየን ኖሮ ተረት ባልኩት። ዘውዱ በደረሰበት ሌሊት ንግሥቲቱ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ገና በአሥራ ሁለተኛ ሳምንቱ ዘውዱ ተጫነለት።

መኳንንቱ ምን አደረጉ? ከእስጢፋኖስ አፅም ማኅደር ላይ ሌላ ዘውድ ነቅለው ውላዲስላቭን አነገሡና የዘውድ ኃይል ከሕዝብ ፈቃድ የሚመነጭ ነው ሲሉ አወጁ። ደፋር ቃል ነው፤ ያመነበት ግን ጥቂት ነው። በ1458 የተመረጠው ማትያስ እንኳ ቅዱሱን ዘውድ በመሃሉ ከገባበት ከንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ እጅ በ80,000 ወርቅ አስለቅቆ፣ በ1464 እስኪደፋው ድረስ ዕረፍት አላገኘም።

ለመጨረሻ ጊዜ የተደፋው በ1916 ነው። ከ1920 እስከ 1944 ሀንጋሪ ንጉሥ የሌላት መንግሥት ሆና በአንድ አድሚራል እንደራሴነት ተዳደረች፤ ዘውዱ ግን ነበረ። በ1945 የአሜሪካ ጦር ተረክቦት ፎርት ኖክስ ከአሜሪካ የወርቅ ክምችት ጋር ቆየ፤ በጥር 1978 ተመለሰ። ዛሬ በፓርላማው ጉልላት ሥር ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። መስቀሉን አቅንቼ ላየው አንገቴን ዘመም ባደርግ ሰይፍ የታጠቀው ዘብ አፍጥጦ አየኝና እኔው ቀጥ አልኩ።