ወደ ሰሜን ተራሮች ልትጓዙ ነው? ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ክረምቱ ወጣ ሲል ካዛንቺስ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ ጥያቄ ይበዛል። የሰፈር ጓደኛሞች፣ የቢሮ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሊሄዱ ይነሱና "ዶክተር፣ እኛ እኮ አዲስ አበባ ነው የምንኖረው፣ ከፍታ ለምደናል አይደል?" ይሉኛል። መልሴ "በከፊል" ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከፓርኩ ካምፖች ሳንቃበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ናቸው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። 3,600 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ጎንደር ከአዲስ አበባ ዝቅ ማለቷን ነው። እዚያ ማደር ሰውነትን ለከፍታ አያዘጋጅም። ጠዋት ከጎንደር በመኪና ተነስቶ ማታ ጨነቅ የሚያድር ሰው በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ያህል ወጣ ማለት ነው። የሕክምናው ምክር ግን ከ3,000 ሜትር በኋላ የምታድሩበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦
✅ 1ኛ ሌሊት ደባርቅ (2,800 ሜትር አካባቢ)። ለመግቢያ ፈቃድና ለስካውት መቆማችሁ ስለማይቀር እዚያው እደሩ።
✅ 2ኛ ሌሊት ሳንቃበር።
✅ 3ኛ ሌሊት ግጭ ወይም ጨነቅ።

መቼ ይሻላል?
🌧 ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ይበዛል። ገደል አፋፍ ላይ ጉም ቀልድ አይደለም። ርጥብ ልብስ ከነፋስ ጋር ሲሆን የሰውነትን ሙቀት ቶሎ ይጨርሳል።
🌼 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ተራራው አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።
❄️ ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ደህና የመኝታ ከረጢት ያዙ። የቀኑ ፀሐይም ቆዳ ያቃጥላልና ሰንስክሪንና መነጽር አይቅር።

ብርድ ሲጠና ሁለት ነገር አደራ! ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፤ ጭሱ ሳይታወቅ ይገድላል። "አረቄ ያሞቃል" የሚባለውም አያዋጣም፤ ለጊዜው ሙቀት ቢመስልም ሰውነት ይበልጥ ሙቀት እንዲያጣ ያደርጋል።

ምልክቶቹን እወቁ
ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ከታዩ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ከዚያ በላይ አትውጡ፣ ዕረፉ፤ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል። ካልተሻላችሁ ውረዱ።

🚨 የሚከተሉት ከታዩ ግን ሌሊትም ቢሆን ነገ አትበሉ፦ ተቀምጦም ትንፋሽ ማጠር፣ አረፋ ያለው ሳል፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት። ውሃ ሳንባ ውስጥ እየገባ ወይም አንጎል እያበጠ ሊሆን ይችላል። ዋናው ሕክምና መውረድ ነው። ታማሚውን ብቻውን አትልቀቁት፤ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ጎንደር አድርሱት።

በተለይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በቡድን ስንሄድ "ጉዞውን አላበላሽባቸውም" ብሎ ሕመሙን የሚደብቅ ሰው አይጠፋም። ማታ ማታ እርስ በርስ ተጠያየቁ።

የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የአስም ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ለጉዞው ከሚበቃ በላይ ያዙ። አሴታዞላማይድ የተባለው መከላከያ መድኃኒትም ለሁሉም አይሆንምና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጀምሩት። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ።

አብሯችሁ ለሚጓዘው ሰው ሼር አድርጉለት። በጤና ሄዳችሁ በጤና ተመለሱ! 🙏